ተረኛዋ እኔ ብቻ አይደለሁም
(በምሩቃን መገናኛ በዓል፣ እሑድ ጠዋት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «እሑድ ጠዋት አጭር መንፈሳዊ ንግግር አቅርቢልን» ሲለኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ስንት ደቂቃ?» ብዬ ነው። የሐኪም ነገር። «ሃያ» አሉኝ፤ ርእሱን ግን ለእኔ ተዉት። እኔም ብዙ ሳላስብ «ስለ ዕረፍት» አልኳቸው። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። «አንቺ? ስለ ዕረፍት?» አለኝ። እንግዲህ የምትሰሙት ሰው በዚህ ጉዳይ ሊቅ አለመሆኗን ከቤቷ ምስክር ቀርቦባታል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። መካከላችን ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ ዶርም ውስጥ ረመዳን ሲሆን አብረን ያፈጠርን፣ እኛ ስንጾም ሽሯችንን የተጋሩን ናቸው። ሌላ መንገድ የያዛችሁ፣ ጭራሽ ይህን ወሬ የተዋችሁም ትኖራላችሁ። እኔ የምናገረው ክርስቲያን ሆኜ ነው፤ ሌላ አላውቅበትም። ድካሙ ግን የጋራችን ስለሆነ በዚያ በኩል እንደምንገናኝ ተስፋ አለኝ።

ቋንቋችን ላይ አንድ ነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «ዐረፈ» ስንል ሞተ ማለታችን ነው። «እገሌ ዐረፈ» ሲባል ማንም «እሰይ፣ ደክሞት ነበር» አይልም፤ ነጠላ ዘቅዝቆ ይወጣል እንጂ። ልጅ ሲያስቸግር ደግሞ «ዐርፈህ ተቀመጥ!» ይባላል፤ ይሄ ቁጣ ነው። ጎልማሳ ሰው በቀን ተኝቶ ከተገኘ «ምነው፣ አመመው እንዴ?» ይባላል። ስለዚህ ዕረፍት በንግግራችን ውስጥ የሟች፣ የተቀጣ ልጅና የታማሚ ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። ጤነኛና ሕያው ሰው ሲያርፍ የሚለውን ቃል ብትፈልጉ የምታገኙት «እፎይ» የምትለዋን ነው፤ እሷም ከቃልነት ይልቅ ትንፋሽነቷ ይበልጣል።

አባቶቻችን ሞትን ዕረፍት ያሉት በእምነት ነው፤ እሱን አላማርርም። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል። እስክንሞት ድረስ ማረፍ አይገባንም ብለን የምንኖር ነው የምንመስለው። በእኛ ሙያ ደግሞ ባሰ።

ትዝ ይላችኋል የኢንተርንነት ዘመናችን? በጎንደር የጠዋት ብርድ ጋወናችንን ደርበን ወደ ሞርኒንግ ስንሮጥ፣ ከዲዩቲ የወጣው ዓይኑ ቀልቶ ፀጉሩ ቆሞ ሲገባ፣ እንደ ጀግና ነበር የምናየው። «36 ሰዓት ቆሜያለሁ» ማለት እንደ ፉከራ ነበር። ቁጭ ብሎ ምሳውን የበላ ሰው ይታማል። እውነቱን ለመናገር ያ ዘመን ብዙ አስተምሮናል፤ እጃችን የተፈታው ያኔ ነው። ግን ከሙያው ጋር አንድ ሌላ ትምህርት አብሮ ገብቶብናል፤ ማንም ሳያስተምረን፣ በፈተና ሳንጠየቅበት። «አንቺ ከሌለሽ ሁሉም ነገር ይፈርሳል» የሚል ትምህርት ነው።

ከዚያ በፊት፣ ፕሪክሊኒካል ሳለን የተማርነው ፊዚዮሎጂ ግን ሌላ ነበር የሚለው። በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ ልብ እያንዳንዱ ዑደት 0.8 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚያ ውስጥ 0.3 ያህሉ ሲስቶል፣ 0.5 ያህሉ ዲያስቶል ነው። ከሚሠራበት ጊዜ የሚላላበት ይረዝማል ማለት ነው። ለመላው አካል ደም የሚረጨው የግራው ክፍል ደግሞ የራሱን ደም በኮሮናሪ ሥሮቹ በኩል በአብዛኛው የሚያገኘው ሲኮማተር ሳይሆን ሲላላ ነው። ሲኮማተር የራሱን ቧንቧ ራሱ ጨምቆ ይዘጋዋል። የልብ ምት እየፈጠነ ሲሄድ ከሁሉም በላይ የሚያጥረው ዲያስቶሉ ነው፤ ብዙ የሚሠራው ልብ ብዙ ምግብ በሚያስፈልገው ሰዓት የሚመገብበት ጊዜ ያንሰዋል። ይሄን ለፈተና ሸምድደነዋል። መምህሬ ይህን ሲያስረዱ ሰሌዳው ላይ የሣሉት ኩርባ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እግዚአብሔር ልብን ሲሠራ ዕረፍትን ከሥራው በኋላ እንደሚሰጥ ሽልማት አላደረገውም፤ በእያንዳንዷ ምት ውስጥ አስገባው። እኔ እንደዚህ አነበብኩት።

ስለ እንቅልፍም ቢሆን ማስረጃ አላጣንም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው የሥራ ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶው ይጠጋል። ጠጅ ጠጥቶ ኦፕሬሽን ክፍል የሚገባን ሰው በር ላይ እናስቆመዋለን። 30 ሰዓት ነቅቶ የሚገባውን ግን «አይዞህ፣ ጎበዝ» እንለዋለን።

ይሄ ሁሉ ስለ ሥጋ ድካም ነው። ዛሬ በዋናነት ላነሣ የፈለግሁት ግን ተኝታችሁ የማይለቃችሁን ድካም ነው። የዓመት ፈቃዱን ጨርሶ ከሄደበት ይልቅ ደክሞት የሚመለስ ሰው አይታችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአዲሱ የበሽታዎች ምደባ፣ በአይሲዲ 11፣ ይህን የሥራ መንገፍገፍ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲመዘግበው ሦስት መልክ ሰጥቶታል፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በአሳብ መራቅ ወይም በሥራው ላይ መምረር፣ የብቃት ስሜት ማነስ። በሽታ ነው አላለም፤ እኔም አልልም። ግን ሥሩ ላይ ብትቆፍሩ ብዙ ጊዜ አንድ አሳብ ታገኛላችሁ። «ሁሉም በእኔ ትከሻ ላይ ነው።»

ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ሩቅ ሆስፒታል ውስጥ ጂፒ ነበርኩ፤ ስሙ ይቅር። ሌሊት ብቸኛዋ ሐኪም እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት ቤቷ የወለደች እናት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። የእንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ደም ከመንገድ ጀምሮ እየፈሰሳት ነበር። መደረግ ያለበት ሁሉ ተደረገ። ሁለት መስመር ተከፈተ፣ ኦክሲቶሲን ተሰጠ፣ የእንግዴ ልጁን በእጅ አወጣነው፣ ማሕፀኗን ስናሽ አመሸን። የቀረው ደም ነበር፤ ደም ደግሞ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። የባሏ ደም አልገጠመም። የሚገጥም ዘመድ ከገጠር እስኪደርስ ደግሞ ሌሊቱ አለቀ። ንጋት ላይ ዐረፈች። ሕፃኗ ተርፋለች፤ አያቷ በጋቢ ጠቅልላ ወሰደቻት።

ኋላ ሲኒየሮች ካርዱን ገጽ በገጽ አዩት። የጎደለ ነገር አላገኙበትም። ይሄ ግን አላስተኛኝም። ተራዬ ባልሆነ ሌሊትም ከአልጋዬ እየተነሣሁ ማዋለጃ ክፍል እሄድ ጀመር፤ ደም ያለበትን ማቀዝቀዣ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ፓርቶግራፎችን አገላብጣለሁ። አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከ30 ዓመት በላይ ያዋለዱ አንድ አዛውንት ሲስተር ደረሱብኝ።

«ምነው ዶክተር፣ ዛሬ ተራሽ አይደለም እኮ» አሉኝ።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሲስተር። አንድ ነገር ቢፈጠርስ?»

ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱልኝና «ተረኛዋ አንቺ ብቻ መሰልሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ። «አንቺ ሳትመጪ ይሄን ቤት ማን ሲጠብቀው ነበር? ነገ ስትዛወሪስ?»

እንደምን ያለ መጽናኛ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ተናደድኩ። «ታዲያ ያች እናት ስትሞት ያ ተረኛ የት ነበር?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ምጥ ላይ የነበረችው ሴት ዞራ አየችን።

ሲስተር ቶሎ አልመለሱም። «እሱን እኔም ስጠይቀው ነው የኖርኩት» አሉ በመጨረሻ። «ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ግን አላየሁትም። በይ ሂጂና ተኚ፤ ነገም ሴቶች ይመጣሉ።»

ያን ሌሊት ተኛሁ። ጥያቄዬ ተመልሶልኝ አይደለም። ዛሬም አልተመለሰልኝም፤ ተመልሶልኛል የሚል ሰው ካለ ከንግግሩ በኋላ ሻይ ላይ ያግኘኝ። የተለወጠው ጥያቄውን ብቻዬን አለመያዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንጌለ ማርቆስ ምዕራፍ 4ን ሳነብ ታንኳዋ ሌላ መስላ ትታየኛለች። ማዕበሉ ውሃውን ወደ ውስጥ እየረጨ ነው፣ እሱ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ትራሱን የሚጠቅሰው ማርቆስ ብቻ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ቀስቅሰው የጠየቁት ያው የእኔ ጥያቄ ነበር፤ መጥፋታችን አይገድህም ወይ ነው ነገሩ። ልብ በሉ፣ ከመካከላቸው ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ባሕሩን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። የደነገጡት ስላላወቁ ሳይሆን ስላወቁ ነው። እኛም እንደዚያው ነን። ታማሚው ያልገባውን ሞኒተሩ ላይ እናየዋለን፤ ፍርሃታችን የባለሙያ ፍርሃት ነው። እዚያች ታንኳ ላይ የተኛው ግን ግድ ስላልነበረው አልነበረም። በአባቱ እጅ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የማልጠግበው የኤልያስ ነገር ነው። ያ ሁሉ በቀርሜሎስ ላይ ከሆነ በኋላ ነቢዩ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ፣ ክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ለመነ። ዛሬ ብናገኘው ሳይካትሪ እንልከው ነበር፤ ብንልከውም ደግ አደረግን። መልአኩ የመጣው በተግሣጽ አልነበረም። «አንተ ነቢይ ሆነህ እንዴት እንዲህ ትላለህ?» አላለውም። ተኛ፤ ተቀሰቀሰና እንጎቻና ውሃ ቀረበለት፤ በልቶ እንደገና ተኛ፤ እንደገና ተቀስቅሶ በላ። እግዚአብሔር ለደከመው አገልጋዩ በመጀመሪያ ያዘዘለት እንቅልፍና ምግብ ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ንግግሩ የመጣው ኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው። መንፈሳዊ ሰው ሲደክመው «ጸሎትህ ስለቀነሰ ነው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰውየው የሚያስፈልገው እንጎቻ ነው።

አሁን ደግሞ እናንተ ከምታነሡት በፊት እኔው ላንሣው። ይሄ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ነገር ስንት ሰው እንደጎዳ በየዋርዱ አይተናል። የስኳር መድኃኒቱን ትቶ ጸበል ቦታ ከርሞ ራሱን ስቶ የመጣ ሰው አክመናል። በሌላ በኩል ደግሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለቀውን መድኃኒት ሳያስገዛ «ፈጣሪ ያውቃል» የሚል ኃላፊም አይተናል፤ ይሄኛው እንዲያውም ያናድደኛል፤ ፈጣሪማ ያውቃል፣ ፊርማው ግን የሰውየው ነው። በእግዚአብሔር መታመን የሚባለው ይህ አይደለም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጸበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ሲናገሩ ብዙዎቻችን እፎይ ብለናል። በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ ለእኛ ሙያ ትልቅ ቦታ ሰጥቷል። ሐኪምን አክብር ይላል ባጭሩ፤ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው፤ ታማሚው ይጸልይ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ስፍራ ይስጠው። ደስ የሚለኝ ግን ሐኪሞቹም ራሳቸው ይጸልያሉ ማለቱ ነው። ለሁለቱም ወገን ድርሻ አላቸው፤ ማንም የሌላውን አይሸከምም።

ክርስቶስ ለደከሙት ዕረፍት ሲሰጥ በአንድ አፉ ቀንበርን ይጠራል። ከተማ ያደገ ሰው ይሄ ይምታታበታል፤ ዕረፍት ሰጥቶ ቀንበር? የገበሬ ልጆች ግን ታውቃላችሁ። ቀንበር ለአንድ በሬ አይጠረብም። ወይፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠመድ አጠገቡ የሚቆመው እርሻ የለመደው በሬ ነው። ወይፈኑ ይንፈራገጣል፣ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ትልቁ በሬ ግን መስመሩን ይይዛል። ቀኑ ሲመሽ እርሻው ታርሷል። ወይፈኑ ሠርቷል፣ ደክሞታልም፤ ግን ማሳው በእሱ ጉልበት ብቻ አልታረሰም። አያቴ እርሻ ላይ ይህን ሲያደርጉ በልጅነቴ አይቻለሁ። ያኔ የታዘብኩት ትልቁ በሬ ምን ያህል እንደሚታገሥ ነበር።

አገራችን ደግሞ ለዕረፍት ክብር ስትከራከር የኖረች አገር ናት፤ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ሰንበት ሆና ትከበር በማለታቸው ለብዙ ዘመን ተገፍተዋል፣ ተሰደዋል። ነገሩ መቋጫ ያገኘው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ፣ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ሲወሰን ነው። ክርክሩ ውስጥ ሌላም ጉዳይ እንደነበረበት የታሪክ ሰዎች ይነግሩናል። ቢሆንም እስቲ አስቡት፤ ሰዎች ለማረፍ ብለው ተሰደዱ። በሕጉ ውስጥ ደግሞ ሰንበት ለባሪያውም፣ ለመጻተኛውም፣ ለበሬና ለአህያውም ነው። አህያ ያላትን ቀን እኛ ለኢንተርኖቻችን ነፍገናቸዋል!

ሐኪም ሰንበት አይዘጋም፤ እሱን አውቃለሁ። እሑድም ምጥ አለ። በክርስትናም ቢሆን ጌታችን በሰንበት ሲፈውስ ነው የተከሰሰው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ትንሽ ነገር ናት። ከዲዩቲ ስንወጣ ርክክብ እናደርጋለን አይደል? አልጋ 4 እንዲህ ናት፣ የአልጋ 7 ላብራቶሪ ይጠበቃል፣ አልጋ 11 ሌሊት ትታይ። ተረካቢው ይጽፋል፣ ከዚያ ቤታችን እንሄዳለን። እኔ ደግሞ ማታ ከመተኛቴ በፊት ሁለተኛ ርክክብ አለኝ። የታማሚዎቼን ስም አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ ስማቸውን ካላወቅሁት በአልጋቸው ቁጥር። «ይሄኛው ከአንተ ጋር ነው፤ ይቺም።» የሚያስፈራኝን እነግረዋለሁ። በቃ፣ ያ ነው ጸሎቴ። ረጅም አይደለም፤ አንዳንድ ቀን አልጋ 7 ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ቀሪዎቹ የተዘለሉ አይመስለኝም።

አንዱ ጓደኛዬ፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ይህን ስነግረው «ይሄ እኮ ራስን ማረጋጊያ ዘዴ ነው፤ ሳይኮሎጂው ይታወቃል» አለኝ። ይታወቅ። ርክክብም ሳይኮሎጂ አለው። ግን ማንም ሰው ለባዶ ወንበር አይረካከብም፤ ለባዶ ወንበር አስረክቦ የሚሄድ ሐኪም ተጠያቂ ነው። እኔ የማስረክበው ወንበሩ ባዶ አይደለም ብዬ ስለማምን ነው። ያን ማመን ደግሞ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ በተለይ አገራችን ባለፉት ዓመታት ካሳየችን በኋላ።

መምህሮቻችን፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። ይህ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርሱ ባለሙያዎችን ሊያፈራ ነበር፤ አፍርቷልም። እባካችሁ ተማሪዎቻችሁ ርክክብን በደንብ ይማሩ። ማስረከብ የሰነፍ ሥራ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። «ታማሚዬን ለማን እተዋለሁ?» ይላሉ፤ ሲሰሙት ፍቅር ይመስላል። ደክሞት የተቀመጠውን ልጅ በሞርኒንግ ፊት አታሸማቅቁት። ጠይቁት፤ መቼ ነው የበላኸው በሉት። ከእኛ ባች መካከል ሙያውን የተዉ አሉ፤ አገር የለቀቁ አሉ፤ ሌላም የከፋ የሆነ አለ፤ ታውቃላችሁ፣ አልዘረዝረውም። ሁሉም ጎበዝ ነበሩ።

ለተማሪዎች ደግሞ፤ ፈተና ሲደርስ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደምትሄዱ አውቃለሁ፤ እኛም ሄደናል። ለማለፍ ለምናችሁ ስትጨርሱ ቶሎ አትውጡ። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል፤ በየትኛውም በኩል ብትቆሙ የሚያያችሁ ዓይን አለ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ያ ዓይን ያስፈራኝ ነበር፤ ያጠናሁትን ያህል የሚቆጥር ይመስለኝ ነበር። አሁን ጎንደር በመጣሁ ቁጥር እሄዳለሁ፤ ትናንትናም ሄጄ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ነቅተው የሚጠብቁ ብዙ ናቸውና እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ዲያቆን መጥተው «እናቴ፣ ልንዘጋ ነው» ብለው ቀሰቀሱኝ።

ጊዜዬ አልቋል፤ የመድረክ መሪው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። ከዚህ ቀጥሎ በመርሐ ግብሩ ላይ ያለው ካለፈው መገናኛችን ወዲህ ያረፉ መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን ስም ዝርዝር ነው። እኔ ሳልሆን የባቾቹ ተወካዮች ናቸው የሚያነቡት። እባካችሁ እንነሣ።